በቡዳፔስት ታላቁ ምኩራብ ካሜራ ይዞ መግባት

ለሥራ ጉዳይ ቡዳፔስት በሰነበትኩበት ጊዜ ለራሴ የተረፈችኝ የመጀመሪያዋ ቀን ቅዳሜ ስለነበረች፣ ለማየት ስመኘው የኖርኩትን የዶሃኝ ጎዳና ምኩራብ ፎቶግራፍ ለማንሣት ካሜራዬን አንግቼ በማለዳ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ የቲኬት መሸጫው ተዘግቷል፤ በአንድ በኩል ግን ሰዎች ለጥበቃዎቹ ሰላምታ እየሰጡ አንድ በአንድ ይገባሉ። ከጥበቃዎቹ አንዱን ጠጋ ብዬ ብጠይቀው «ዛሬ ሰንበት ነው፤ የሚገባው ለጸሎት የመጣ ሰው ብቻ ነው» ብሎ በትሕትና መለሰኝ። ቅዳሜን «ቀዳሚት ሰንበት» እያለች ያሳደገችኝ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆኜ ይህን አስቀድሜ አለማሰቤ በጣም ከነከነኝ።

ያን ቀን ባዶ እጄን ብመለስም በእሑድና በተከታዩ ሐሙስ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ገብቻለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው በእነዚያ ቀናት ያየሁትን፣ የተሳሳትኩትንና ያረምኩትን ነው፤ ወደዚያ ከተማ ለትምህርት፣ ለስብሰባ ወይም ለጉብኝት የሚሄድ ወገን እኔ ያባከንኩትን ጊዜ እንዳያባክን፣ ፎቶግራፍ ከማንሣቱ በፊትም የቆመበትን ቦታ ምንነት እንዲያውቅ ብዬ ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምኩራቡ ለጎብኚ ክፍት የሚሆነው ከእሑድ እስከ ዓርብ ነው። የአይሁድ ሰንበት የሚገባው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ ዓርብ ዕለት ከሌላው ቀን ቀድሞ ይዘጋል፤ በአይሁድ በዓላትም ጉብኝት የለም። በዓላቱ የጨረቃን ወራት ስለሚከተሉ በአውሮፓውያኑ ቀን መቁጠሪያ ላይ በየዓመቱ ቦታቸውን ይለውጣሉ፤ በተለይ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ተከታትለው ስለሚመጡ በዚያ ወቅት የሚጓዝ ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ቀኖቹን ቢያጣራ ይሻለዋል። የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓቱም በበጋና በብርድ ወራት ይለያያል። እኔ ከሁለቱ ጉብኝቶቼ እጅግ የተጠቀምኩት ከሐሙሱ ነው፤ እሑድ ዕለት አዳራሹ በጎብኚ ተሞልቶ ስለነበር ሰው ያልገባበት አንድም ፎቶግራፍ ማንሣት አልቻልኩም።

ቦታውን ማግኘት አያስቸግርም። ከዳኑብ ወንዝ በስተምሥራቅ ባለው የከተማዋ ክፍል በፔሽት በኩል፣ በሰባተኛው ወረዳ ነው፤ በሜትሮው ሁለተኛ መስመር አስቶሪያ በሚባለው ጣቢያ ከወረዱ በኋላ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። «ዶሃኝ» በሃንጋሪኛ ትምባሆ ማለት ሲሆን የቃሉ መጨረሻ ልክ እንደ እኛ «ኝ» ስለሚነበብ መንገድ ስጠይቅ ሰዎች ወዲያው ይረዱኝ ነበር። ከዋናው መንገድ ታጥፈው ቀና ሲሉ መጀመሪያ የሚታዩት ከ43 ሜትር በላይ የሚረዝሙት ሁለቱ መንታ ማማዎች፣ ከጫፋቸውም ላይ እንደ ሽንኩርት የተድቦለቦሉት ጉልላቶች ናቸው። ግድግዳው በቀይና በፈዛዛ ቢጫ ጡብ ተራ በተራ የተሸነተረ ነው፤ ከመግቢያው በላይ ክብ የጽጌረዳ መስኮት አለ፤ ከበሩም በላይ ከኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 25 የተወሰደው «በመካከላቸውም አድር ዘንድ መቅደስ ይሥሩልኝ» የሚለው ቃል በዕብራይስጥ ተጽፏል።

ይህን ሕንፃ ከውጭ ለማንሣት የሚታገል ሰው ሁሉ የሚገጥመው ችግር መንገዱ ጠባብ፣ ሕንፃው ግን ረጅም መሆኑ ነው። ከሥሩ ቆመው ካሜራውን ወደ ላይ ሲያቀኑት ማማዎቹ ወደ ኋላ የሚወድቁ መስለው ይወጣሉ፤ የእሑዱ ፎቶዎቼ ሁሉ እንዲህ ናቸው። ሐሙስ ዕለት በምኩራቡ ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ቦታ ተሻግሬ እስከምችለው ድረስ ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ ከዚያም ካሜራውን ወደ ላይ ሳላቀና፣ ወደ ፊት ቀጥ አድርጌ ይዤ በሰፊ ሌንስ አነሣሁ፤ ከፎቶው ግማሽ ያህሉ አስፋልት ሆነ፤ እርሱን ቤት ገብቼ ቆረጥኩት፤ ማማዎቹም ቀጥ ብለው ቆሙ። ብርሃኑን በተመለከተ ጠዋት የሕንፃው ፊት ጥላ ውስጥ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ዞራ ትመጣበታለች፤ የጡቡ ቀይና ቢጫም ያኔ ነው ተለይቶ የሚወጣው። ስለዚህ ውስጡን አስቀድሞ ጎብኝቶ ውጩን ለመጨረሻ ማቆየት ይሻላል።

ወደ ውስጥ ሲገቡ የጥበቃ ፍተሻ አለ፤ ቦርሳ በማሽን ያልፋል፤ ሰውም ይፈተሻል። ትልቅ የካሜራ ሻንጣ ይዞ የሄደ ሰው ይጉላላልና ካሜራውን በአንድ ሌንስ በትንሽ ቦርሳ መያዝ ይበቃል። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን እቤት ትቶ መሄድ ነው፤ ፍላሽም እንዲሁ አይፈቀድም። ለቀረጻ ልዩ ፈቃድ የሚፈልግ ባለሙያ ከጉዞው በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል። አለባበስን በተመለከተ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ወንዶች ደግሞ ራሳቸውን ሸፍነው ነው የሚገቡት፤ ቆብ ላልያዘ ሰው መግቢያው ላይ ከወረቀት የተሠራች ትንሽ ቆብ፣ እነርሱ ኪፓ የሚሏትን፣ ይሰጡታል። እኛ ወንዶች ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ባርኔጣ ማውለቅን ከእናቶቻችን የተማርን ስለሆንን ራስን ሸፍኖ ወደ ጸሎት ቤት መግባት መጀመሪያ ላይ እንግዳ ስሜት ይሰጣል። ትርጉሙ ግን ያው ነው፤ እግዚአብሔርን መፍራት ነው። ቆቧ ቀላል ስለሆነች ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ፎቶ ሲነሣ ትወድቃለች፤ የፀጉር መያዣ የያዘ ሰው ይገላገላል።

«ምኩራብ» የሚለውን ቃል እኛ ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። የዐቢይ ጾም ሦስተኛው ሳምንት መጠሪያ ነው፤ ወንጌሉም ጌታ ወደ ምኩራብ ገብቶ እንዳስተማረ፣ ሻጮችንና ለዋጮችንም እንዳስወጣ ሲነበብልን ኖረናል። እኔ ግን ቃሉን ይህን ያህል ዘመን ስሰማ በዓይነ ኅሊናዬ የነበረው አንድ ትንሽ የድንጋይ ቤት ነበር። በዶሃኝ ጎዳናው ምኩራብ በር አልፌ ስገባ በአእምሮዬ የነበረው ሥዕል በአንድ ጊዜ ፈረሰ። ሕንፃው 75 ሜትር ያህል ርዝመትና 27 ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ሦስት ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች መቀመጫ አለው፤ በአውሮፓ ካሉት ምኩራቦች ሁሉ ትልቁ ነው። ከታች የወንዶቹ አግዳሚ ወንበሮች በረድፍ ተሰልፈዋል፤ በግራና በቀኝ ለሴቶች የተሠሩት ሰገነቶች በሁለት ደርብ ከቀጫጭን የብረት ምሰሶዎች ላይ ያርፋሉ። ግንበኞቹ ወፍራም የድንጋይ ዓምድ ሳያስፈልጋቸው ይህን የሚያህል ሰፊ አዳራሽ ሊከፍቱ የቻሉት በጊዜው አዲስ ነገር በነበረው በዚያ ብረት ነው። ጣሪያው፣ ቅስቱና ግድግዳው በወርቅማ ሐረግና በኮከብ ተሞልቷል፤ ከጣሪያው ታላላቅ መብራቶች ተንጠልጥለዋል።

ካሜራውን ከማውጣት በፊት ለአሥር ደቂቃ ያህል መቀመጥን እመክራለሁ። ዓይን ከውጭው ብርሃን ተላቆ ከውስጡ ደብዛዛ ብርሃን ጋር እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ይህ አንደኛው ምክንያት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ ገለጻ ስላለ ጎብኚዎች በየቋንቋቸው ተከፋፍለው በአግዳሚዎቹ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ይህን ሳይሰሙ ማንሣት የሚያነሡትን ሳያውቁ ማንሣት ነው። እኔ የተቀመጥኩበት አግዳሚ የፊት ጠርዝ ጥቁር ቡናማ እንጨት ነበር፤ ሰው ሲቆም የሚይዘው ቦታ ላይ ቀለሙ ሳስቶ እንጨቱ እንደ ተወለወለ ብርሌ ለስልሶ ነበር። ጣቴን አሳረፍኩበትና ስንት ሰው በዮም ኪፑር፣ ማለትም በስርየት ቀን ጾም ቆሞ ሲጸልይ ይዞት እንደ ነበር አሰብኩ። በኋላ ያንን ጠርዝ ብቻ ከመስኮቱ በሚመጣው ብርሃን አቅርቤ አነሣሁት፤ ከሁለቱ ቀናት ሥራዬ ከምወዳቸው ጥቂት ፎቶዎች አንዱ እርሱ ነው።

ገለጻው ላይ ከሰማሁትና ቀደም ብዬ ካነበብኩት ውስጥ ለፎቶ አንሺ የሚጠቅመውን ላካፍል። የጥንቱ የፔሽት ቅጥር ያልፍ የነበረው ዛሬ ሰፊ መንገድ በሆነው መስመር ላይ ነበር፤ አይሁዶችም እስከ 18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ በቅጥሩ ውስጥ መኖር ስላልተፈቀደላቸው የሰፈሩት ከመስመሩ ወጣ ብሎ እዚህ ነው። የግንባታው ሥራ በ1854 ተጀምሮ ምኩራቡ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1859 ተመረቀ። የሃንጋሪ አይሁዶች በሕግ ከሌላው ዜጋ ጋር እኩል የሆኑት ግን በ1867 ነው። ይህን ሳውቅ ማማዎቹን የማይበት ዓይን ተለወጠ፤ ይህን የሚያህል ቤት የሠሩት ሙሉ መብት ከማግኘታቸው ስምንት ዓመት አስቀድሞ፣ የከተማዋ ባለቤቶች ነን ብለው በግልጽ ለመናገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ንድፉን የሠራው የቪየናው አርክቴክት ሉድቪግ ፎርስተር ነው። «የአይሁድ» ሊባል የሚችል የራሱ የሆነ የሕንፃ አሠራር ስላላገኘ ከእስራኤላውያን ጋር በዘር ይዛመዳሉ ያላቸውን የምሥራቅ ሕዝቦች፣ በተለይም የዓረቦችን የአሠራር ጥበብ መረጠ፤ ቅስቶቹና የጡቡ ሽንትር ከዚያ የመጡ ናቸው። ፊት ለፊት ያለውን፣ የኦሪት ጥቅሎች የሚቀመጡበትን ክፍል ያስጌጠው ደግሞ ሃንጋሪያዊው ፍሪጄሽ ፌስል ነው። ውስጡን ያየ ሰው ሁሉ «ቤተ ክርስቲያን ይመስላል» ማለቱ አይቀርም፤ እኔም ብያለሁ። በጥንቱ ሥርዓት ኦሪት የሚነበብበት መድረክ በአዳራሹ መካከል ይሆናል፤ እዚህ ግን ወደ ፊት ተጠግቷል፤ በግራና በቀኝም እንደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የስብከት ሰገነቶች አሉ፤ ኦርጋንም አለ። ማኅበረ ምእመኑ ኒዎሎግ ከሚባለው፣ ከዘመኑ ጋር መሄድን ከመረጠው ወገን ነበር፤ በሃንጋሪ ይህ ወገንና አጥባቂው ወገን ከ1868ቱ ጉባኤ በኋላ በይፋ ተለያይተዋል። በሰንበት መሣሪያ መምታት እንደ ሥራ ስለሚቆጠር ኦርጋኑን አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ነበር የሚጫወተው፤ ዝነኞቹ የሙዚቃ ደራሲዎች ፍራንዝ ሊስትና ካሚል ሳን-ሳንስም ተጫውተውበታል። የአሁኑ ኦርጋን በ1996 የተተከለ ነው።

ለእኛ ሰው ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚስበው ግን የምሥራቁ ክፍል ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ታቦቱ በመቅደስ ውስጥ በመጋረጃ ተሰውሮ ከካህናት በቀር የሚያየው የለም፤ እዚህም ከመጋረጃ በስተጀርባ የተከበረ ነገር አለ፤ እርሱም በእጅ የተጻፈው የኦሪት ጥቅል ነው። ጥቅሎቹ የሚቀመጡበትን ሣጥን እነርሱም «ቅዱስ ታቦት» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠሩታል። በውስጡ ካሉት ጥቅሎች መካከል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጠፉ ሌሎች ምኩራቦች የመጡ ይገኙበታል። በጎንደር አካባቢ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ኦሪትን በግዕዝ፣ በጥቅል ሳይሆን በተጠረዘ የብራና መጽሐፍ ያነቡ እንደ ነበር ለአስረጂዋ ስነግራት ገለጻዋን አቁማ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ ከእኛ ረድፍ የነበሩትም ሁሉ ዞረው ሰሙ።

አሁን ወደ ካሜራው ልመለስ። የእሑዱ ፎቶዎቼ አብዛኞቹ የተበላሹት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አዳራሹ ለዓይን ብሩህ መስሎ ቢታይም ለካሜራ ጨለማ ነው፤ ካሜራው በራሱ እንዲመርጥ ስለተውኩት የሻተሩን (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ፍጥነት በጣም ቀንሶ እጄ የተንቀጠቀጠበት ሁሉ ደበዘዘ። ሁለተኛ፣ የተንጠለጠሉት መብራቶችና የመስኮቶቹ መስታወት ከቀሪው አዳራሽ እጅግ ስለሚያበሩ ባዶ ነጭ ሆነው ወጡ። ሐሙስ ዕለት አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን መጠን) ወደ 3200 ከፍ አድርጌ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) በኤፍ 4 ላይ አድርጌ፣ የሻተሩ ፍጥነት ከሰከንድ 1/30 እንዳይወርድ ተጠነቀቅኩ፤ ብርሃኑን የለካሁት በመብራቶቹና በመስኮቶቹ ልክ ሲሆን ጥላው ቢጨልምም ካሜራው ያየውን ሁሉ በሚያስቀረው በራው ፋይል ስለቀረጽኩ ቤት ገብቼ አነሣሁት። የጠፋ ነጭ አይመለስም፤ የጨለመ ጥላ ግን ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ክርኔን በአግዳሚው መደገፊያ ላይ አሳርፌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ አከታትዬ አነሣ ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ ጥርት ብሎ ይወጣል። ካሜራው ድምፅ የማያሰማ ሻተር ካለው እርሱን መጠቀም ነው፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሻተር ድምፅ ሩቅ ይሄዳል።

በስልክ ለሚያነሣ ሰው ደግሞ ጥቂት ነገር ልበል፤ አብዛኞቻችን የምንይዘው እርሱን ነውና። ማያ ገጹ ላይ መብራት ያለበትን ቦታ ጣትን ለጥቂት ጊዜ አሳርፎ መያዝ፣ ከዚያም ብርሃኑን ወደ ታች ሳብ ማድረግ ወርቁን ከመንደድ ያድነዋል። እጅግ ሰፊ የሆነችው የስልኩ ሌንስ በደብዛዛ ብርሃን ደካማ ስለሆነች በዋናው ሌንስ አንሥቶ ሁለት ፎቶ መቀጠል ይሻላል። በመካከለኛው መተላለፊያ ላይ ቆሞ ግራና ቀኙን እኩል ማድረግ ለዚህ ሕንፃ የሚስማማ አነሣስ ነው፤ ትንሽ ዘንበል ካለ ግን ስሕተቱ ወዲያው ይጋለጣልና በማያ ገጹ ላይ የፍርግርግ መስመሩን መክፈት ይረዳል። መተላለፊያው ላይ ረጅም ጊዜ ቆሞ ሰው ማገድ ግን አይገባም፤ ቡድን ሲወጣና ሌላው ሳይገባ ባለችው ትንሽ ክፍተት መጠቀም ነው። እኔ ሐሙስ ዕለት ይህችን ክፍተት በትዕግሥት ጠብቄ ባዶውን አዳራሽ ለአንድ ደቂቃ ያህል አገኘሁት።

ከአዳራሹ ወጥቶ በጎን በኩል ወደሚገኘው ግቢ ሲገቡ ግን ሌላ ነገር ይጠብቃል። በአይሁድ ሥርዓት በጸሎት ቤት ግቢ ሰው አይቀበርም፤ የመቃብር ቦታ ከመኖሪያና ከጸሎት ቤት የራቀ ነው። እኛ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ መቅበር ልማዳችን ስለሆነ በዶሃኝ ምኩራብ ግቢ መቃብር ማየት ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ወዲያው አይሰማንም፤ እኔም አስረጂዋ እስክትነግረኝ ድረስ አልገባኝም ነበር። የጀርመን ጦር ማርች 19 ቀን 1944 ሃንጋሪን ያዘ። ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ባሉት ሁለት ወር በማይሞሉ ሳምንታት ውስጥ ከ430,000 በላይ አይሁዶች ከየክፍለ ሀገሩ በባቡር ተጭነው ተወሰዱ፤ አብዛኞቹም የተላኩት ናዚዎች ወደ ገነቡት የሞት ካምፕ ወደ አውሽቪትዝ ነበር። በኦክቶበር ሥልጣኑን የያዘው የናዚዎች ደጋፊ የሆነው የሃንጋሪ የቀስተ መስቀል ፓርቲ በዚያው ዓመት መጨረሻ በዚህ ምኩራብ ዙሪያ ያለውን ሰፈር አጥሮ ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎችን በውስጡ አጎረ። ከተማዋ በተከበበችበት በዚያ ብርድ ሰው በረሃብና በቅዝቃዜ ይረግፍ ነበር፤ አስከሬን ወደ መቃብር ስፍራ ማውጣትም ስላልተቻለ ከ2,000 በላይ ሰዎች በዚህ ግቢ በጅምላ ተቀበሩ። ሰፈሩ ነፃ የወጣው ጃንዋሪ 18 ቀን 1945 ነው።

እሑድ ዕለት ግቢው ውስጥ በሐረግ በተሸፈኑት መቃብሮች መካከል እየዞርኩ ሳነሣ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት እናት በአንዱ የመታሰቢያ ድንጋይ ፊት ቆመው አየሁ። ከኮት ኪሳቸው አንዲት ትንሽ ጠጠር አውጥተው በሁለት ጣታቸው ጠረጓት፤ ከዚያም ከድንጋዩ ራስ ላይ ከሌሎቹ ጠጠሮች ጎን አስቀመጧት። አይሁዶች በመቃብር ላይ አበባ ከማስቀመጥ ይልቅ ጠጠር ያኖራሉ። ብርሃኑ ከጎናቸው ይመጣ ነበር፤ ፎቶው ግሩም ይሆን ነበር፤ ካሜራዬም ዓይኔ ላይ ነበረች። አላነሣሁም። እናታችን ከቀብር ስትመለስ አንድ የማናውቀው ሰው ካሜራ ቢደቅንባት ምን እንደሚሰማን ሳስብ ካሜራውን አወረድኩና እርሳቸው እስኪሄዱ ራቅ ብዬ ቆየሁ። በግቢው ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሣት ይፈቀዳል፤ ግን ሐዘን ላይ ያለን ሰው ፊት ሳያስፈቅዱ ማንሣትን፣ በመቃብር ዳር ተደግፎ ፈገግ እያሉ መነሣትን ማንም ባይከለክለን ራሳችን ልንተወው ይገባል። ሁለተኛውን ስንት ጎብኚ ሲያደርገው አይቻለሁ፤ በጣም ያማል።

ከግቢው ወደ ኋላ ሲያልፉ በራውል ዋለንበርግ ስም የተሰየመው የመታሰቢያ ቦታ ይገኛል። ዋለንበርግ በጁላይ 1944 ወደ ቡዳፔስት መጥቶ በስዊድን መንግሥት ስም የጥበቃ ሰነድ እያደለ በሺዎች የሚቆጠሩ አይሁዶችን ያዳነ ዲፕሎማት ነው፤ በጃንዋሪ 1945 የሶቪየት ጦር ወስዶት አልተመለሰም። በዚህ ቦታ መካከል በሃንጋሪያዊው ቀራፂ ኢምሬ ቫርጋ የተሠራ፣ ቅርንጫፎቹ ወደ መሬት የተዘረጉ የብረት ዛፍ ቆሟል። ተገልብጦ ቢታይ ባለ ሰባት ቅርንጫፉን መቅረዝ ይመስላል። ዛፉን ያሠራው አባቱ ከሃንጋሪ ወደ አሜሪካ የተሰደዱት የፊልም ተዋናይ ቶኒ ከርቲስ በአባቱ በኢማኑኤል ስም ያቋቋመው ድርጅት ነው። በየቅጠሉ ላይ የሟቾች ስም ተቀርጿል።

ይህ ዛፍ ከሩቅ ሲነሣ ምንም አይናገርም፤ ግራጫ ብረት በግራጫ ግድግዳ ፊት ሆኖ ይቀራል። ተጠግቶ አንዲት ቅርንጫፍ መምረጥ ነው። እኔ ሐሙስ ዕለት ከዝናብ በኋላ ስለደረስኩ ከአንዲት ቅጠል ጫፍ ላይ አንዲት የውኃ ጠብታ ተንጠልጥላ ነበር፤ በቅጠሏ ላይ ያሉት ፊደላት ጎድጎድ ብለው ስለተቀረጹ እርጥበቱ በውስጣቸው ቀርቶ ከቀሪው ብረት ይልቅ ጥቁር ሆነው ይነበባሉ። በሰፊ አፐርቸር፣ ትኩረቱን በፊደሎቹ ላይ አድርጌ ከጀርባዋ ያሉትን ቅጠሎች አደበዘዝኩ። ጠዋት ወይም ደመናማ ቀን ለዚህ ይስማማል፤ በቀትር ብርሃን ብረቱ ስለሚያብረቀርቅ ስሙ አይነበብም።

በዚያው ግቢ ውስጥ በ1931 የተሠራው የጀግኖች ምኩራብ አለ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሃንጋሪ ሲዋጉ የሞቱ አይሁዶች መታሰቢያ ሲሆን በብርድ ወራት ለጸሎት ያገለግላል። የአይሁድ ቤተ መዘክሩ ከምኩራቡ ጋር ተያይዟል፤ የቆመበት ቦታ በ1860 የጽዮናዊነት እንቅስቃሴ መሥራች ቴዎዶር ሄርዝል የተወለደበት ቤት የነበረበት ነው። ጊዜና ጉልበት ያለው ሰው በእግር ጥቂት ሄዶ ኦቶ ቫግነር ንድፉን የሠራውን የሩምባክ ጎዳና ምኩራብ ቢያይ አይቆጭም፤ ከትልቁ ይልቅ ሰው የሚያንስበት ስለሆነ ተረጋግቶ ለማንሣት ይመቻል። ለሦስቱ አንድ ቀን ይበቃል፤ ለትልቁ ብቻ ግን ቢያንስ ሦስት ሰዓት መመደብ ያስፈልጋል።

በከተማዋ ያረፍኩት በደርግ ዘመን ለትምህርት ተልከው እዚያው ትዳር መሥርተው በቀሩ በአባቴ ወዳጅ ቤት ነበር። ሐሙስ ማታ ፎቶዎቹን በኮምፒዩተር አሳየኋቸው። የአዳራሹን፣ የማማዎቹን በጸጥታ ተመለከቱ፤ «በዚህ በር በኩል ስንት ዓመት ሳልፍ ኖርኩ፣ ግቢው ውስጥ ግን አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አላውቅም» አሉኝ። እኔ ደግሞ ከየፎቶው ሥር ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደ ተነሣ እየጻፍኩ ነበር፤ ጽሑፍ የሌለው ፎቶ ከዓመት በኋላ ለባለቤቱም እንግዳ ይሆናል። የቅጠሏ ፎቶ ጋ ስደርስ እጄን አቆምኩ፤ ሃንጋሪኛ ስለማላውቅ የስሙን ፊደል ባየውም አነባበቡን አላውቀውም። ለሕዝብ በማሳየው ቅጂ ላይ የአንድ ቤተሰብ ሰው ስም እንዳላወጣ ከዚያ በፊት ወስኜ ነበር፤ ለራሴ ግን ማወቅ ፈለግኩ።

«ጋሼ፣ ይህ እንዴት ይነበባል?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ወደ ማያ ገጹ ጠጋ አሉና «እስቲ አጉላልኝ ልጄ» አሉኝ። አጎላሁላቸው። ጣታቸውን ከመስታወቱ ጥቂት ራቅ አድርገው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ከተከተሉ በኋላ ስሙን ሙሉ አድርገው በሃንጋሪኛ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ሁለት ጊዜ አነበቡልኝ።